ፒኬዚፕ 2.04ጂ እና ኤአርጄ 2.41፦ ድሬ የታሰረ ፋይል ሐረር ላይ ሲፈታ

ድሬዳዋ ውስጥ በየንግድ ቤቱ መጋዘን ጥግ፣ በየቢሮው ቁም ሳጥን ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ 286 ወይም 386 የሚባል የጥንት ኮምፒውተር ዛሬም አይጠፋም። ውስጡ የሽያጭ መዝገብ አለ፣ የደመወዝ ዝርዝር አለ፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ማሽኑ ዩኤስቢ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ ካርድም የለውም። መውጫ በሩ የፍሎፒ ድራይቩ ብቻ ነው። የ40 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዘት በ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ እየተቀዳ እንዲወጣ ከተፈለገ መጭመቅም መከፋፈልም ግድ ነው። ለዚህ ሥራ ሁለት ፕሮግራሞችን እንገመግማለን፤ ፒኬዚፕ 2.04ጂን እና ኤአርጄ 2.41ን። መመዘኛችን አንድ ነው፦ ድሬ ላይ ተጨምቆ የታሰረው ፋይል የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ባለ ሌላ ማሽን ላይ ምንም ሳይጎድለው ይፈታል ወይ? ፋይሉ ምን ያህል አነሰ የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ትእዛዞቹን በፊደሎቹ አጠራር ጽፈናቸዋል። «ኢኤክስ» ሲል ኪቦርዱ ላይ ኢን ከዚያም ኤክስን ትጫናላችሁ፤ የፋይሉን ስም ደግሞ ከ8 የማይበልጡ የላቲን ፊደላት አድርጉት። የፕሮግራሞቹ ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ፊል ካትዝ በሚልዋኪ በመሠረተው ፒኬዌር በኩል የመጀመሪያውን ፒኬዚፕ ያወጣው በ1989 ነው፤ 2.04ጂ የተከተለው በ1993 መጀመሪያ ላይ ነው። የሚመጣው 200 ኪሎባይት ገደማ ሆኖ፣ ራሱን በሚፈታ አንድ ፋይል ነው። ከውስጡ የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ናቸው፦ አሳሪው ፒኬዚፕ (42 ኪሎባይት ገደማ)፣ ፈቺው ፒኬአንዚፕ (29 ኪሎባይት ገደማ) እና የተበላሸ ዚፕ (የታሰረ ፋይል) የሚጠግነው ፒኬዚፕፊክስ። ፈቺው ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ከዚፑ ጋር እዚያው ፍሎፒ ላይ ስለሚገባ፣ ሐረር ያለው ማሽን ምንም ባይኖረው እንኳ መፍቻው አብሮት ይደርሳል። እዚያ ያለው የድሮው ፒኬአንዚፕ 1.10 ከሆነ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ሥራውን ያድነዋል፤ 1.10 የ2.04ጂን ዚፕ መፍታት አይችልም፤ የአጨማመቁ ዘዴ ተቀይሯልና። «ዲስኩ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣል ስንት ደህና ፍሎፒ አለ፤ ችግሩ የፈቺው እድሜ ሆኖ ሳለ።

አጨማመቁ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ምን እንደሚጠብቃችሁ ለመገመት ይረዳል። ፒኬዚፕ ባለፈው 32 ኪሎባይት ውስጥ ያየውን ተከታታይ ባይት ድጋሚ ሲያገኘው መልሶ አይጽፈውም፤ «ከዚህ ያህል ርቀት፣ ይህን ያህል ርዝመት» ብሎ ያመለክታል። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ለሚመጣው ምልክት አጭር ኮድ፣ አልፎ አልፎ ለሚመጣው ረጅም ኮድ ይሰጣል። ስለዚህ ዲቤዝ በሚባለው የመዝገብ መያዣ ፕሮግራም ፋይል ላይ ተአምር ይሠራል። ዲቤዝ ለደንበኛ ስም 30 ቦታ ከያዘ «አሊ» የሚለውን ስም እንኳ ቀሪውን በባዶ ቦታ ሞልቶ 30 ባይት ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያ መጠኑ ሩብ በታች ይወርዳል። ተራ ጽሑፍ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ጂፍ ሥዕል ወይም ቀድሞ ዚፕ የሆነ ፋይል ግን ፈቀቅ አይልም፤ በላዩ ላይ ደግሞ ዚፕ ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ፍሎፒ ለሚበቃው ሥራ ትእዛዙ ይህ ነው፦

ፒኬዚፕ -ኢኤክስ -አርፒ ኤ:ሒሳብ ሲ:\ሒሳብ\*.*

«ኤ:» ፍሎፒው፣ «ሲ:» ሃርድ ዲስኩ ነው። «ኢኤክስ» ከፍተኛውን ጭመቃ ያዛል። «አርፒ» ንዑስ ዳይሬክተሪዎችን (ፎልደሮችን) ጨምሮ መንገዳቸውን ይመዘግባል። የተደበቁና የሲስተም ፋይሎችን ካላዘዛችሁት አይነካም፤ ከፈለጋችኋቸው «-ደብልዩኤችኤስ» ጨምሩ። የዲቤዝን የማውጫ ፋይሎች (ኤንዲኤክስ) መተው ይቻላል፤ ከመዝገቡ ተመልሰው ይሠራሉና «-ኤክስ*.ኤንዲኤክስ» ብሎ ማስቀረት ቦታ ያተርፋል። ዲቢቲ የሚባሉትን ግን በፍጹም አትተዉ። ረጅም ማስታወሻ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ዲቢቲው ከጎደለ መዝገቡ አልከፈትም ይላል።

ሲፈታ ብዙ ሰው የሚወድቀው አንድ ቦታ ላይ ነው። ነጋዴው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዳይሬክተሪ አለው እንበል፤ 1983፣ 1984፣ 1985። በሦስቱም ውስጥ ያለው ፋይል ስሙ አንድ ነው፣ ሽያጭ.ዲቢኤፍ። ፒኬአንዚፕ «-ዲ» ካልተባለ መንገዱን ትቶ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ያፈሳል። ሁለተኛው ሽያጭ ሲደርስ «ፋይሉ አለ፣ በላዩ ልጻፍ?» ይላል። የሰለቸው ሰው ለሁሉም እሺ የሚለውን ቁልፍ ይጫንና የ1983 እና የ1984 መዝገብ በ1985ቱ ተሸፍኖ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ በኤምዲ አዲስ ዳይሬክተሪ ክፈቱ፣ ከዚያ፦

ፒኬአንዚፕ -ዲ ኤ:ሒሳብ ሲ:\ሒሳብ2\

ኤአርጄም እዚሁ ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፤ «ኢ» ያለ መንገድ ይፈታል፣ «ኤክስ» ከነመንገዱ ይፈታል። ሁልጊዜ «ኤክስ» በሉ።

ዚፑ ላይ በየጊዜው አዲስ ፋይል መጨመር የለመደ ሰው ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ፒኬዚፕ ነባር ዚፕ ሲያድስ አሮጌውን ሳይነካ አጠገቡ ጊዜያዊ ቅጂ ይሠራል፤ አሮጌውን የሚያጠፋው ሲጨርስ ነው። 900 ኪሎባይት የያዘ ፍሎፒ ላይ 10 ኪሎባይት ለመጨመር ስትሞክሩ «ዲስኩ ሞልቷል» የሚለው ለዚህ ነው። ጊዜያዊውን ወደ ሃርድ ዲስክ የሚወስደው «-ቢሲ:» የሚለው ነው።

ሁለተኛው የእድሳት ጣጣ ከባትሪ ይመጣል። የእናት ቦርዱ ባትሪ የሞተበት ማሽን በተነሳ ቁጥር ቀኑን ወደ 1980 ጃንዋሪ 1 ይመልሳል። «-ዩ» የሚባለው እድሳት ደግሞ የሚያየው ቀኑን ብቻ ነው፤ ዛሬ የተስተካከለው መዝገብ የ1980 ቀን ስለያዘ ከዚፑ ውስጥ ካለው «ያረጀ» መስሎት ያልፈዋል። ማሽኑ ላይ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከተሞላበት ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዶስ ከ1980 ጀምሮ ያለውን ዓመት ስለሚቀበል 1985 ብትሉት እሺ ይላል፤ ጥቅምት 30ን በ2ኛ ወር ብትሞሉት ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው አይቀበልም፣ ጳጉሜንም 13ኛ ወር የለኝም ብሎ ይመልሳል። በፈረንጅ ቀን ከሚሠራ ማሽን የመጣ ፋይል ደግሞ ሁልጊዜ በ7 ወይም በ8 ዓመት አዲስ መስሎ ይታያል። ማንኛውንም ዚፕ ከማደስ በፊት «ዴት» ብላችሁ ቀኑን እዩ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ እድሳቱን ተዉትና ከባዶ እንደገና እሰሩት።

እስከዚህ ድረስ ፒኬዚፕ የሚወቀስበት ነገር የለም። ፈጣን ነው፣ ትንሽ ነው፣ አንድ ዲስክ ላይ ለሚያልቅ ሥራ የሚስተካከለው አናውቅም። ፈተናው የሚጀምረው ሥራው አሥር አሥራ አምስት ፍሎፒ ሲፈልግ ነው። 2.04ጂ «-&» በሚለው ምልክት ዚፑን በተከታታይ ዲስኮች ላይ ይዘረጋል። ለእያንዳንዱም ፒኬባክ 001፣ 002 እያለ የዲስክ ስም ይሰጠዋል፤ ሲፈታም ተራውን የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። ፋይሎቹን በኮፒ ወደ ሌላ ፍሎፒ ካዛወራችሁ ስሙ አብሮ አይሄድምና «ትክክለኛውን ዲስክ አስገቡ» እያለ ያደርቃችኋል። ሁለተኛ ቅጂ የሚወጣው በዲስክኮፒ ብቻ ነው፤ እሱ ስሙንም ይገለብጣል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የዚፑ ማውጫ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፒኬአንዚፕ ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የመጨረሻውን ዲስክ ነው። ያ አንድ ዲስክ አልነበብ ካለ የቀሩት 14ቱ ደህና ሆነው እንኳ በቀላሉ አይፈቱም። ከዚህም ሌላ ዝርጋታው የሚሠራው በቀጥታ ተነቃይ ዲስክ ላይ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ላይ አዘጋጅቶ፣ ፈትሾ፣ ከዚያ ማውጣት አይቻልም።

ኤአርጄ ልቆ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። የሮበርት ጁንግ ሥራ የሆነው ይህ ፕሮግራም ከመነሻው ለብዙ ፍሎፒ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ማኅደር ነው፤ የመጀመሪያው ሒሳብ.ኤአርጄ፣ ቀጣዮቹ ሒሳብ.ኤ01፣ ሒሳብ.ኤ02 እያሉ ይሄዳሉ። የዲስክ ስም አይጠይቅም፤ ተራ ፋይሎች ናቸው፣ በኮፒ ይዛወራሉ። 7ኛው ዲስክ ቢሞት የሚጎዱት በሱ ላይ የነበሩትና ወደሱ ወይም ከሱ የተሻገሩት ፋይሎች ብቻ ናቸው፤ ከ8ኛው ጀምሮ መቀጠል ይቻላል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ቦታ ካለ የምንመክረው አሠራር ይህ ነው፦

ኤአርጄ ኤ -አር -ቪ1400000 -ጄቲ ሲ:\ጊዜያዊ\ሒሳብ ሲ:\ሒሳብ\*.*

«ቪ» የአንዱን ክፍል መጠን በባይት ይወስናል። በ1.44 ፍሎፒ ላይ ንጹሕ ቦታው 1,457,664 ባይት ነው፤ 1400000 ያልነው ለፈቺ ወይም ለአጭር የጽሑፍ ማስታወሻ ቦታ እንዲተርፍ ነው። «-ጄቲ» የታሰረውን እዚያው ይፈትሻል። ክፍሎቹ ሃርድ ዲስክ ላይ ከተዘጋጁ በኋላ እያንዳንዱን ሁለት ፍሎፒ ላይ በኮፒ ከነ«/ቪ» ቅዱ። ሁለት ሙሉ ስብስብ ማለት ነው፤ ሁለቱም 7ኛ ዲስኮች አንድ ላይ ካልሞቱ በቀር መንገዱ አይዘጋም። ሃርድ ዲስኩ ከሞላ «-ቪኤ» ብላችሁ በቀጥታ ወደ ኤ: መጻፍ ትችላላችሁ፤ ያለውን ቦታ ራሱ ለክቶ ይሞላል። ሐረር ላይ ሁሉንም የያዘ ዳይሬክተሪ ውስጥ ሆናችሁ፦

ኤአርጄ ኤክስ -ቪ ሒሳብ

ክፍል ተበላሽቶ ቢገኝ «-ጄአር» የሚድነውን ያወጣል። የኤአርጄ ጉድለቱ ፕሮግራሙ ከፒኬአንዚፕ በብዙ መወፈሩና የትእዛዞቹ ብዛት ነው። መመሪያው ረጅም ነው፤ ግን እዚህ ከተጠቀሱት አምስት ስድስት ምልክቶች በላይ የሚፈልግ ሥራ ጥቂት ነው።

ስለ መብራት። ዚፑ በቀጥታ ፍሎፒ ላይ እየተጻፈ መብራት ቢሄድ ዲስኩ ላይ ፋይሉ 0 ባይት ሆኖ ይታያል። ተስፋ አትቁረጡ፤ ዶስ መጠኑን የሚመዘግበው ፋይሉ ሲዘጋ ስለሆነ እንጂ የተጻፈው እዚያው አለ። «ቼክዲስክ ኤ: /ኤፍ» የተንጠለጠለውን ሰብስቦ ፋይል0000.ሲኤችኬ ያደርገዋል። እሱን ወደ ሃርድ ዲስክ ቅዱና ስሙን ወደ .ዚፕ ለውጡ፤ ከዚያ ፒኬዚፕፊክስ ስጡት። ፒኬፊክስድ.ዚፕ የሚባል አዲስ ፋይል ይሠራል፤ ከመቋረጡ በፊት ተጽፈው ያለቁት ፋይሎች ይወጣሉ። ፒኬዚፕፊክስን ግን ፍሎፒው ራሱ ላይ አትሞክሩ። መብራት በሚመላለስበት ሰሞን በ286 ላይ «ኢኤክስ» ማለትም ጥበብ አይደለም። ጭመቃው ጥቂት ያተርፋል፣ የሚፈጀው ጊዜ ግን ብዙ ነው፤ «-ኢኤስ» ፈጥኖ ይጨርሳል፣ ለአደጋ የተጋለጠውም ሰዓት ያጥራል። «-ኤም» የሚባለውን፣ አስሮ ዋናውን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ደግሞ እንዳለም አትቁጠሩት። ዋናው የሚጠፋው ሐረር ላይ ተፈትቶ መዝገቡ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ፍሎፒው። የሁለቱም ፕሮግራሞች መፈተሻ (ፒኬአንዚፕ -ቲ፣ ኤአርጄ ቲ) ለእያንዳንዱ ፋይል ሲአርሲ የሚባል ባለ 32 ቢት የማረጋገጫ ቁጥር ያሰላል፤ አንድ ባይት ብትሳሳት ይይዛል። ነገር ግን ፍተሻው የጻፈው ድራይቭ ላይ ከሆነ ግማሽ ፍተሻ ነው። ስማርትድራይቭ የሚባለው፣ የዲስክ ይዘትን ሜሞሪ ላይ የሚያቆይ ፕሮግራም ካለ አሁን የተነበበውን ከሜሞሪ አውጥቶ ሊሰጣችሁ ስለሚችል ዲስኩን አውጥታችሁ መልሱት። ከዚያም በላይ የማንበቢያና የመጻፊያ ጭንቅላቱ አሰላለፍ የዞረ ድራይቭ ራሱ የጻፈውን ያለ ችግር ያነባል፤ ሌላው ድራይቭ ግን አያነበውም። ስለዚህ ከድሬ ሳይወጡ ሌላ ማሽን ላይ መፈተሽ ግድ ነው። ሌላ ማሽን ከሌለ የተሻለው መፍትሔ ድራይቩን ራሱን ነቅሎ ይዞ መሄድ ነው፤ ባለ 34 ፒን ሪባን ኬብሉ ሐረር ያለው ማሽን ላይም ያው ነው።

በ5.25 ኢንች የሚሠራ ሰው አንድ ነገር በእርግጠኝነት ይወቅ። የ1.2 ሜጋባይት ድራይቭ ጭንቅላት ከ360 ኪሎባይቱ ይጠባል። በ360 ድራይቭ ተፎርማት የነበረን ዲስክ በ1.2ቱ ሲጽፉበት መሐሉ ላይ ቀጭን አዲስ መስመር ይሰመራል፣ ግራና ቀኙ ላይ ግን አሮጌው ምልክት ይቀራል። ኤክስቲ የሚባለው የጥንቱ ማሽን 360 ድራይቭ ሰፊ ጭንቅላት ሁለቱን ደባልቆ ያነብና ይሳሳታል። መድኃኒቱ ጭራሽ ያልተፎርማተ አዲስ ዲስክ በ1.2ቱ ድራይቭ «ፎርማት ኤ: /4» ብሎ ማዘጋጀት ነው፤ ወይም መጻፉንም በ360 ድራይቭ ማድረግ። ለ3.5 ኢንቹ «ፎርማት ኤ: /ዩ» በቂ ነው። አንድም የተበላሸ ሴክተር ያሳየ ዲስክ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጣሉት።

የድሬ ሙቀት ለዲስክ ጠላት ነው። በግንቦትና በሰኔ ጥላ ሥር 35 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ፍሎፒ ሽፋኑ ይጣመማል። ባጃጅ ስትሳፈሩ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለው ስፒከር ላይ አታስደግፏቸው፤ የስፒከር ማግኔት ዳታ ይበላል። ነፋስ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚያመጣው ብናኝ በተለይ የ5.25ቱን ክፍት መስኮት ይገባበታል፤ አንድ አሸዋ ያለበት ዲስክ የድራይቩን ጭንቅላት ይጭርና ከዚያ በኋላ የሚገባውን ሁሉ ይቧጭራል። አጠራጣሪ ዲስክ ከነካ በኋላ ጭንቅላቱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ማበስ ይገባል። ፋርማሲ ያለው 70 በመቶ ውሃ ስላለበት ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ 90 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ የተሻለ ነው። ከሐረር ቅዝቃዜ ወደ ድሬ የወረደ ዲስክም ወዲያው ድራይቭ ውስጥ አይግባ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ።

የአማርኛ ሰነድ የያዘ ማሽን ላይ ሰነዱን ብቻ አትሰሩ። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር ወደሚሰጠው ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የዶስ አማርኛ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ የስክሪን ፎንት፣ የራሱ የፕሪንተር ፋይል ነበረው። ደብዳቤው ሲአርሲውን አልፎ በሰላም ተፈትቶ የማይነበብ ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። የፕሮግራሙን ሙሉ ዳይሬክተሪ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚያነባቸውን ኮንፊግ.ሲስን እና ኦቶኤግዜክ.ባትን ጨምሮ፣ ከሰነዱ ጋር እሰሩ።

ፓስወርድን በተመለከተ «-ኤስ» የሚያደርገው ጥበቃ የቤት ሰው እንዳያይ ያህል ነው። ኢላይ ቢሃም እና ፖል ኮከር በ1994 እንዴት እንደሚሰበር በጽሑፍ አሳይተዋል፤ ከታሰሩት ፋይሎች የአንዱ ዋና ቅጂ ያለው ሰው ቁልፉን ያገኘዋል። ለደመወዝ መዝገብ በሱ አትተማመኑ። ሌላው ማስጠንቀቂያ፦ ከአሮጌ ዲስኮች መሐል ፒኬዚፕ 300 የሚል ፋይል ካገኛችሁ አታስነሱት። በ1995 በዚያ ስም የተሰራጨው ሃርድ ዲስክ የሚያጠፋ ተንኮል ነበር፤ ፒኬዌር በዚያ ቁጥር የዶስ ፕሮግራም አላወጣም። ከ2.04ጂ በኋላ ለዶስ ያወጣው በ1999 የመጣውን 2.50 ነው፤ እሱም ረጅም የፋይል ስም ለሚጠቀም ዊንዶውስ እንጂ ለ286 የሚጨምረው ነገር የለም።

እንግዲህ አንድ ፍሎፒ ለሚበቃው ፒኬዚፕን፣ ከዚያ ለሚበልጠው ኤአርጄን እንመርጣለን። መጨረሻው ዛሬ ያለ ላፕቶፕ ከሆነ አንድ ወጥ ዚፕን ዊንዶውስ ያለ ምንም ፕሮግራም ይከፍተዋል። የኤአርጄን ክፍሎች ግን በዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ አንድ ዳይሬክተሪ ላይ ሰብስቡና፣ ዛሬ ባለ ማሽን ላይ ዶስን በሚያስመስለው በዶስቦክስ ውስጥ በራሱ በኤአርጄ 2.41 ፍቷቸው። የዩኤስቢው ድራይቭ 5.25 ኢንችን ጨርሶ አይወስድም፣ አንዳንዱም 720 ኪሎባይቱን አያነብም፤ ስለዚህ ለላፕቶፕ የሚሄደውን ከመጀመሪያው በ1.44 ጻፉት።